ሰው ከገጸ በረከት ጋር አይቈጠርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 25 ከሩቅ አገር የሚመጣውን የምሥራች የተጠማች ነፍስ ከምታገኘው ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ያስተካክለዋል። ሰሎሞን ይህን የተናገረው በወሬ ሰምቶ አይደለም። የጢሮስ ንጉሥ ኪራም የሊባኖስን ዝግባና ጥድ ይሰድለት ነበር፤ እርሱም በፈንታው በየዓመቱ ሃያ ሺህ ቆሮስ ስንዴና የጠራ ዘይት ይሰድለት ነበር፤ በሁለቱም መካከል ሰላም ሆነ። ንግሥተ ሳባም ከሩቅ አገር ተነሥታ ወርቅና ሽቱ የከበረም ድንጋይ በግመል ጭና ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች፤ ጥበብን ሰምታ፣ የልቧንም ተናግራ፣ ሰሎሞን በፈንታው የሰጣትን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስለዚህ በመንግሥታት መካከል መላላክና መነገድ መጽሐፍ የሚያመሰግነው ሥራ ነው።

እግዚአብሔር ምድርን በፈጠረ ጊዜ ሁሉን ለአንድ አገር አልሰጠም። ለአንዱ እህልን፣ ለአንዱ ጨውን፣ ለአንዱ ዕጣንን አደለ፤ ይህንም ማድረጉ ሰው ከሰው ጋር ተፈላልጎ እንዲፋቀር ነው። እኛ በሰሜን ጎንደር ደጋ ያደግን ሰዎች ይህን አሳምረን እናውቃለን። በወገራና በደባርቅ ገብስ ይበቅላል እንጂ ጨው አይቈፈርም፤ አሞሌው ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣ ነበር። በመቅደስ የምናጥነው ዕጣን ከመተማና ከቋራ ቆላ ዛፍ ይለቀማል። ካህናት በበዓል ቀን የሚለብሱት ሐር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ንግድን በደፈናው የሚነቅፍ ሰው ቢኖር አስቀድሞ በእጁ የያዘውን ጽና ይመልከት።

ዳሩ ግን መላላክና ንግድ መልካም የሚሆኑት በውስጣቸው የሚያልፈው ነገር ለመሰጠትና ለመሸጥ የተገባ ሲሆን ነው። እግዚአብሔር በአርአያው የፈጠረው ሰው በጭነት መካከል ከተቈጠረ፣ ያ መልእክት ለተጠማች ነፍስ ውኃ መሆኑ ቀርቶ ሐሞት ይሆናል። ይህን ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከገዛ ከተማችን ከጎንደር፣ ከገዛ ንጉሣችን አደባባይ የተነሣ አንድ መልእክት አለና እርሱን እናስባለን።

ዐፄ ሱስንዮስ ከሮማ ካህናት ጋር ተስማምተው በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ገደማም ጎንደርን ከተማ አድርገው ግንባቸውን አሠሩ። ስለዚህ ሥራቸው ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን በምስጋና ታነሣለች፤ እኛም እናነሣለን።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ተኛች ይላሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ንጉሡ የዘጉት በሃይማኖት ስም መንግሥትን ለሚሹት ነበር እንጂ ለሁሉ አልነበረም። ወደ የመን ኢማም ልከው፣ የኢማሙ የአል ሙተወኪል መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ በ1640 ዓ.ም. እስከ ጎንደር መጥቶ ያየውን ጽፎ አስቀርቷል። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለ ነበረ ንጉሡ በአፋር ባሕር ዳርቻ በቤይሉል በኩል ሌላ የንግድ መንገድ እንዲከፈት ይሹ ነበር። ከየመንም አልፈው እስከ ሕንድ ድረስ አሰቡ። ይህ ሁሉ ብልህ ንጉሥ ለአገሩ የሚያስበው አሳብ ነው።

ለዚህ አገልግሎት ከተመረጡት ሰዎች አንዱ ኾጃ ሙራድ የሚባል የአርመን ነጋዴ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስን፣ ዐፄ ዮሐንስን፣ ዐፄ ኢያሱን፣ ሦስት ነገሥታትን ተከታትሎ አገለገለ፤ በኋላም ዘመን በጃቫ ደሴት የሆላንድ ሰዎች ካቆሟት ከተማ ከባታቪያ ድረስ ደርሷል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ግን ከአንድ እስላም ነጋዴ ጋር ሆኖ፣ በዚያን ጊዜ ሕንድን ይገዛ ወደ ነበረው ወደ ታላቁ ሞጎል ወደ አውራንግዜብ ተላከ። በዴልሂ ከተማ ሐኪም ሆኖ ይኖር የነበረ ፍራንሷ በርንዬ የሚባል ፈረንሳዊ እነዚህን መልእክተኞች አግኝቶ ከእነርሱ ጋር ተነጋግሯል፤ ስለ ዓባይ ምንጭ ሳይቀር ጠይቋቸዋል። የነገሩንም አኳኋን በ1670 በአውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ አስቀምጦታል።

በርንዬ እንደሚለው ከኢትዮጵያ ንጉሥ ለሞጎል ንጉሥ የተላከው እጅ መንሻ ይህ ነበር። ከዐረብ ፈረሶች ጋር የሚተካከሉ ዐሥራ አምስት ፈረሶች፤ ቆዳው የተዥጐረጐረ፣ እርሱ ትንሽ በቅሎ የሚለው፣ የሜዳ አህያ ሊሆን የሚችል አንድ እንስሳ፤ አንዱን ከመሬት ለማንሣት ብርቱ ሰው የሚያስፈልግ ሁለት ታላላቅ የዝሆን ጥርስ፤ ዝባድ የተመላበት አንድ የበሬ ቀንድ። ከእነዚህም ጋር ሃያ አምስት የተመረጡ ባሮች ነበሩ። ከሃያ አምስቱ ዘጠኝ ወይም ዐሥር የሚሆኑት ጃንደረባ ለመደረግ የሚስማማ ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሌሎችም ወጣቶች ለመንገዱ ወጪ የሚሆን ገንዘብ እንዲገኝባቸው በሞካ ወደብ ለሽያጭ ተሰጥተው ነበር።

ጉዞው አልቀናም። መልእክተኞቹ ባሕሩን ተሻግረው ሱራት በተባለች የሕንድ ወደብ ሳሉ፣ በ1656 ዓ.ም. በጥር ወር የማራታዎች አለቃ ሺቫጂ ከተማይቱን መጥቶ በረበራት፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። ከዘረፋው የተረፉት የመልእክተኞቹ ነፍስ፣ የንጉሡ ደብዳቤ፣ የሐበሻ ልብሳቸው፣ የዚያ እንስሳ ቆዳና የበሬው ቀንድ ነበሩ። በቀንዱ ውስጥ የነበረው ዝባድ ግን ተሟጥጧል። ከባሮቹም ጥቂቶች ቀሩ፤ የቀሩትም ወራሪዎቹ ስላላገኟቸው ወይም ታመው ስለ ነበር ለመውሰድ ስላልፈለጓቸው ነው። እንግዲህ ከጎንደር ወጥቶ ዴልሂ የደረሰው መልእክት ይህ ሆነ፤ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ቆዳ፣ አንድ ባዶ ቀንድ፣ የታመሙ ልጆች።

አውራንግዜብ ግን በክብር ተቀበላቸው። የክብር ልብስ አለበሳቸው፤ ገንዘብም ሰጣቸው፤ ለንጉሣቸውም የከበረ ልብስ፣ በወርቅ የተለበጡ ሁለት የብር መለከቶች፣ ሁለት የብር ነጋሪቶች፣ በቀይ ዕንቍ ያጌጠ ጩቤ፣ የወርቅና የብርም ገንዘብ ሰደደ። በሰው ዐይን ከታየ መልእክቱ ተሳክቷል።

ዳሩ ግን ያ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ እነዚያ ሕፃናት ሲጽፍ፣ ከክርስቲያን ንጉሥ የሚላክ ይህ እንዴት ያለ የተገባ ስጦታ ነው ብሎ ዘበተብን። ዘበቱ ያማል፤ እውነት ስለ ሆነ ያማል። ደግሞም ዘባቹ ራሱ ንጹሕ አይደለም። ሙራድ የገዛ ልጁን በኀምሳ ሩፒ ሊሸጥለት እንዳቀረበለት፣ በኋላም ዋጋውን ወደ ሦስት መቶ ከፍ እንዳደረገበት፣ እርሱም ሰው ልጁን ሸጠልኝ ለማለት ያህል ሊገዛው ጥቂት እንደ ቀረው ያለ ኀፍረት ይተርካል። በዚያው ዘመን የእርሱ የአውሮፓ ሰዎች ጥቍሩን ሰው በመርከብ ሆድ አጭቀው ወደ አሜሪካ ያግዙ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 2 በሌላው ላይ እየፈረደ ያንኑ የሚያደርግ ሰው ማመካኛ እንደሌለው ያስተምራል። ሆኖም የገሣጩ ኃጢአት የእኛን ኃጢአት አያነጻም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ መልስ ይሰጣልና እኛ ስለ ቤታችን እንናገር።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ነገር ይህ ነው። የመልእክተኛው ስም ተጽፏል፤ የንጉሡም ስም ተጽፏል፤ የዘራፊው ስም እንኳ አልቀረም። የፈረሶቹ ቍጥር፣ የዝሆን ጥርሱ ክብደት፣ የቆዳው ውበት ሳይቀር በዝርዝር ተጽፏል። ከእነዚያ ሕፃናት ግን የአንዱ እንኳ ስም አልተጻፈም። እናት ጡት አጥብታ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ በስም ጠርታ ያሳደገችው ልጅ ከጎንደር ሲወጣ ቍጥር ሆነ፤ ሱራት ላይ ሲታመም ዘራፊ እንኳ የማይወስደው ዕቃ ሆነ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ግን ቃል ኪዳኑን ለያዙ ጃንደረቦች እግዚአብሔር በቤቱ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ የማይጠፋ ስም እንደሚሰጣቸው ይናገራል። እኛ ያልጻፍነውን ስም እርሱ አልረሳውም ማለት ነው። በፍርድ ቀን ያ መዝገብ ሲገለጥ እኛ ምን እንመልስ ይሆን?

ወንድሞቻችን ሆይ፤ ይህ የእጅ መንሻ ዝርዝር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ወንድም አለው። በዮሐንስ ራእይ በምዕራፍ 18 የባቢሎን ነጋዴዎች የሚያለቅሱለት ሸቀጥ ተቈጥሯል። ቈጠራው በወርቅ ይጀምራል፤ ሐሩን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ሽቱውን፣ ፈረሱን ያልፍና በሰው ሥጋና በሰው ነፍስ ይፈጸማል። ከጎንደር የወጣው ዝርዝርና ከባቢሎን የወጣው ዝርዝር እንዲህ ከተመሳሰሉ፣ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት በአፍ መመለሱ ብቻ ባቢሎንን ከቤታችን እንዳላወጣት እናስተውል። ከሮማ ካህናት ስለ ሁለት ባሕርይ ተከራክረን ረታን፤ ስለ አንድ ሕፃን ግን የተከራከረ አልተሰማም።

ኦሪት ዘፍጥረትንም በምዕራፍ 37 እንመልከት። ዮሴፍን የገዙት እስማኤላውያን ወደ ግብፅ የሚወርዱት ባዶ ግመል እየነዱ አልነበረም። ግመሎቻቸው ሽቱና በለሳን ከርቤም ተጭነው ነበር። በሃያ ብር የተገዛው ልጅ በመልካም መዓዛ መካከል እያለቀሰ ወረደ። ሸቀጡ መልካም መዓዛ ያለው ስለ ሆነ የነጋዴው ሥራ መልካም መዓዛ አላገኘም። ከዝባዱ ቀንድ ጋር የተጓዙት ልጆች የዮሴፍ ወንድሞች ናቸው፤ ሻጮቻቸውም እኛ፣ የዮሴፍ ወንድሞች ነበርን።

በዚህ ጊዜ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ የዘመኑ ልማድ ነበርና አባቶችን አትክሰሱ የሚል ነው። እኛ አባቶችን ለመክሰስ አልተነሣንም። ነገር ግን ነቢዩ ዳንኤል በምዕራፍ 9 ሲጸልይ የአባቶቹን ኃጢአት እንደ ራሱ ኃጢአት አድርጎ ተናዘዘ፤ አባቶቹን ስለ ናቀ አይደለም፣ ስለ ወደዳቸው ነው እንጂ። ልማድም ኃጢአትን ጽድቅ አያደርገውም። ነቢዩ አሞጽ ጢሮስን የወቀሳት ምርኮኞችን አሳልፋ ስለ ሸጠች፣ የወንድሞችንም ቃል ኪዳን ስላላሰበች ነው፤ እስራኤልንም የወቀሰው ድኻውን በአንድ ጥንድ ጫማ ስለ ሸጠ ነው። በጢሮስም በእስራኤልም ይህ ልማድ ነበር፤ ነቢዩ ግን በልማድ አልማራቸውም።

ሁለተኛው፣ ፍትሐ ነገሥት ባርነትን አውቆ ደንግጓል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በአንቀጽ 31 ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት ይናገራል። ነገር ግን አንቀጹን ጎንደር ተቀምጠው ያነበቡ መምህራን ሁሉ እንደሚያውቁት፣ መጽሐፉ የሰው ልጅ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ፣ ባርነትን ከጦርነትና ከኃይለኞች ሥራ የመጣ ያደርገዋል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም ከበጎ ሥራ ይቈጥረዋል። እንግዲህ ከመጽሐፉ የምንቀበለው የቱን ነው? ለቍስሉ የተሠራውን ፋሻ ብቻ ይዘን ቍስሉን እናከብራለን ወይስ ጤናውን እንሻለን?

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ከተሸጡት መካከል ለታላቅ ማዕርግ የደረሱ አሉ የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ማሊክ አምበር የተባለው በሕፃንነቱ ከኢትዮጵያ ተሸጦ በቀይ ባሕር ወደብ አልፎ ሕንድ ከገባ በኋላ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴና ታላቅ የጦር አለቃ ሆነ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1610 ያቆማት ከተማ፣ ያው የጎንደርን መልእክተኞች የተቀበለው አውራንግዜብ ስሙን ሰጥቷት ብዙ ዘመን አውራንጋባድ ስትባል ኖረች። ዮሴፍም በግብፅ ከፍ ከፍ አለ። ነገር ግን ዮሴፍ ራሱ ለወንድሞቹ፣ እናንተ ክፉ አሰባችሁ እግዚአብሔር ግን ለበጎ አደረገው በሚል አሳብ መለሰላቸው እንጂ ሽያጩን አልባረከም። እግዚአብሔር ከክፋታችን በጎ ነገር ማውጣቱ የእርሱ ቸርነት ነው፤ የእኛ ማመካኛ አይደለም። ስለ አንድ ማሊክ አምበር ስንናገርም በመንገድ የቀሩትን አንርሳ።

ይልቁንም እኛ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ይህን ነገር ለመርሳት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ምክንያት የለንም። ወንጌልን ለነገሥታተ አክሱም ያስተማረ ማን ነው? ፍሬምናጦስ ነው። ፍሬምናጦስስ ማን ነበር? ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በመርከብ ሲጓዝ በባሕራችን ዳርቻ የተማረከ፣ ጓደኞቹ ተገድለውበት በልጅነቱ ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት የቀረበ የሶርያ ልጅ ነበር። አክሱም ያንን ልጅ ወደ ሞካ አሻግራ በዝሆን ጥርስ መካከል ልካው ቢሆን ኖሮ ከሣቴ ብርሃን ሰላማ የሚባል አባት ባልኖረንም ነበር። ንጉሡ ግን ልጁን አስተማረው፣ ሾመው፣ በኋላም ነጻ ለቀቀው፤ እርሱም ወደ እስክንድርያ ወርዶ ከአትናቴዎስ እጅ ክህነትን ይዞልን ተመለሰ። የጥምቀታችን መነሻ አንድ ምርኮኛ ልጅ ነው። ከሩቅ አገር የመጣልን የምሥራች፣ ያ ለተጠማች ነፍስ የሚደርስ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በአንድ ምርኮኛ ልጅ እጅ መጣልን። እንዲህ ያለ አባት ያለው ሕዝብ እንዴት በሕፃን ላይ ዋጋ ይተምናል?

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያ ንግድ በሕግ ተሽሯል። በ1847 ዓ.ም. በስሜን በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያን ንግድ ከለከሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ከተጠየቀችው ነገር አንዱ ይኸው ነበር፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። ሞካ የሚወርድ የባሪያ ጭነት ዛሬ የለም።

ነገር ግን ነገሩ ስሙን ለውጦ ልብሱን ቀይሮ መጥቷል። ዕጣናችን የሚመጣበት የመተማ መንገድ ልጆቻችን የሚሄዱበት መንገድ ሆኗል። ደላላ በሰፈር እየዞረ ለአባቱ በሬውን፣ ለእናቱ ጌጧን ያሸጣቸዋል፤ ልጁ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን በበረሓ ወደ ሊቢያ ይወሰዳል፤ ከዚያም የልጁ ጩኸት በስልክ ይሰማና የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቃል። በዚህ ደጋ ከሚያገለግል ካህን መካከል በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላዋን ዘርግታ ለልጇ ማስለቀቂያ የምትለምን እናት ያላየ ማን ነው? እኛ አይተናል። ስሙን በጸሎት እንድናነሣላት ነግራን፣ በሕያዋን ስም ይጠራ ወይስ በሙታን ብለን ብንጠይቃት መልስ አጥታ ያለቀሰች እናት አጋጥማናለች። በሕፃናቱ ዘመን ስም ጠፋ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ስሙ አለ፣ የሚጠራበት ቦታ ጠፋ።

በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ባሕር ዳርና በረሓ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ክርስቲያን ወንድሞቻችን ክርስቶስን አንክድም ብለው ተገደሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሰማዕታት ብላ አሰበቻቸው። የእነርሱ አክሊል ክቡር ነው፤ ነገር ግን እስከዚያ ባሕር ዳር ያደረሳቸው ሻጭ የሰማዕትነቱ ተካፋይ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከሳዑዲ ዐረብ ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባርረው ተመለሱ። በቅርብ ዓመታትም፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ባሕር ማዶ ሳይሻገር በገዛ ከተማችንና በዙሪያዋ ሕፃናት እየታገቱ ዋጋ ሲጠየቅባቸው አየን፤ ዋጋው ተከፍሎ ያልተመለሱም አሉ። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ሰውን የሰረቀና የሸጠ ይሙት ብሎ የፈረደው ይህን ነው፤ ሐዋርያውም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰው ሌቦችን ከነፍሰ ገዳዮች ተራ ያቈጥራቸዋል።

ከዐረብ አገሮች ጋር መንግሥታችን የሚዋዋለው የሥራ ውል ነገር እንዴት ይታያል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሥራ ክቡር ነው፤ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ሠርቶ መመለስ ኃጢአት አይደለም። ሩትም ወደ ቤተ ልሔም ሄዳ ቃርማለች። ነገር ግን ሥራና ሽያጭ የሚለያዩበት ድንበር አለ። ሠራተኛ ስሟን ይዛ ትሄዳለች፤ የተሸጠች ግን ስሟን ታጣለች። ሠራተኛ የጉዞ ደብዳቤዋን በእጇ ትይዛለች፤ ስትበደል የምትጮኽበት ቤት አላት፤ ስትፈልግ ትመለሳለች። የጉዞ ደብዳቤዋ በአሠሪዋ ሣጥን የተቈለፈባት፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ዕድሜዋ በሐሰት የተጨመረላት፣ ደመወዟን የምትለምን ልጅ ግን ስሙ ባይነገርም ከዝባዱ ቀንድ ጋር የተላከች ናት። ውል የሚፈርሙ ሹማምንት ሁሉ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ይህን እንዲያስቡ በትሕትና እንለምናለን። የሚገባው ገንዘብ ብዙ ቢሆን፣ ያኔም ከሕንድ የብር መለከት ገብቶልን ነበር፤ ለእነዚያ ልጆች ግን ማንም መለከት አልነፋላቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ካህናቱ እንመለስ። የነፍስ አባት ነንና በእጃችን ያለ ሥራ አለ። አንደኛ፣ ንስሐ ልጃችን ደላላ መሆኑን ስናውቅ ዝም አንበል። ስለ ጾም መሻርና ስለ በዓል መሻር አጥብቀን እንጠይቃለን፤ የሰው ልጅ ዋጋ በልቶ እንደ ሆነስ ጠይቀነው እናውቃለን? ንስሐውም በስግደት ብቻ አይፈጸም፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እንደ መለሰ፣ የወሰደውን ይመልስ፣ ያሉበትን የሚያውቃቸውን ልጆች ይናገር። ሁለተኛ፣ ከዚህ ሥራ የተገኘ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ቢመጣ አንቀበል። ኦሪት የርኵሰት ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ከልክሏል፤ የካህናት አለቆችም እንኳ ይሁዳ የጣለውን ሠላሳ ብር ወደ መባ ሣጥን ማግባትን ፈርተዋል። ያለ ቆርቆሮ የቀረ ደብር፣ በሰው ዋጋ ከተከደነ ደብር ይሻላል። ሦስተኛ፣ ተመልሰው የመጡትን እንቀበል። ባዶ እጇን ተመልሳ የመጣች ልጅ በሰፈር ትታማለች፤ ያልከፈለችው ዕዳ ይጠብቃታል። እርስዋን በደጀ ሰላም በስሟ ጠርቶ እንኳን በሰላም መጣሽ ልጄ የሚላት የመጀመሪያው ሰው ካህን ይሁን።

እናንተም ወላጆች ሆይ፤ ድኽነቱንና የዘመኑን ጦርነት ዐውቀን እንናገራለን እንጂ ከምቾት ወንበር አንፈርድባችሁም። ነገር ግን በሬ ሸጦ ልጅን ለማያውቁት ሰው መስጠት፣ በሬውንም ልጁንም በአንድ ቀን ማጣት ነው። ልጃችሁ ልሂድ ቢል መንገዱን ጠይቁ፤ የሚወስደውን ሰው ስሙንና አገሩን ጠይቁ፤ በሕግ የተፈቀደለት መሆኑን ከሚያውቅ ሰው አረጋግጡ። ስሙን ለመናገር የሚሰውር ሰው የልጃችሁንም ስም ያጠፋል።

ክቡራን አንባብያን፤ በየዓመቱ ጥር 10 ቀን የጎንደር ታቦታት ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ይወርዳሉ። በማግሥቱ ውኃው ሲባረክ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ላይ ይገባበታል፤ በዚያ ሰዓት ጌታና አሽከር፣ ሀብታምና ድኻ አይለይም። ያ መጠመቂያ በስማቸው የሚጠራው ንጉሥ፣ እነዚያን ሃያ አምስት ሰዎች የላኩት ንጉሥ ናቸው። እግዚአብሔር የሁሉ አባት ነውና በአንዱ ሰው ስም ሁለቱም ነገር፣ ቅርሱም ኀዘኑም ቀረልን። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ በዚያ ውኃ ዳር በቆምን ጊዜ ስለ ንጉሡ ነፍስ ከጸለይን በኋላ፣ ስማቸው ስላልተጻፈው ልጆችም እንጸልይ። በበረሓ ስላሉት፣ በሰው ቤት ተቈልፎባቸው ስላሉት፣ ታግተው ዋጋ ስለሚጠበቅባቸውም እንጸልይ። ከጸሎቱም በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ በደጃችን የሚዞረውን ደላላ በስሙ እንጥራው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እርሱ ራሱ በሠላሳ ብር ተሸጧል። የተሸጠው የተሸጡትን ያስባቸው፤ የሸጥነውንም ንስሐ ሰጥቶ ይማረን። ከሩቅ አገር ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው ሁሉ የሰላም መልእክት እንዲሆን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።